ከሶኬቱ እንጀምር፦ የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር ዕቃ ስንመርጥ

የዛሬው ዝግጅታችን ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠው፣ በገዛ እጃቸው የጌም ኮምፒውተር ለመሥራት ላሰቡ ወጣቶች ነው። ገንዘቡን የሚያወጡላቸው ወላጆችና ታላላቆችም ቢያዳምጡን ይጠቀማሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። አንዳንድ የሞዴል ስሞችና ቁጥሮች እጠራለሁ፤ ከቁጥሮቹ አንዷ ብትሳሳት ከሱቅ ሌላ ዕቃ ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁና ቀስ ብዬ እላቸዋለሁ።

ዋጋ ግን አልናገርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል።

ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው፤ ቀጥሎ ስለ ግራፊክስ ካርድ። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚገዛውም በተረፈው ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። መብራት ሄዶ በሚመጣበት፣ ሲመጣም ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ውስጥ የኮምፒውተሩን ዕድሜ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ያ ሳጥን ነው። ስለዚህ ከሶኬቱ እንጀምር።

እኛ ዘንድ ከሶኬት የሚወጣው መብራት 220 ቮልት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 120 ነው። ርካሽና የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባቸው ላይ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አላቸው፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላው በኩል 230 ተጽፎባታል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ፓወር ሰፕላይ መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ፣ ገና ሲበራ ጧ ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ማንኛውንም ፓወር ሰፕላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ደኅና የሚባሉት አዳዲሶቹ ይህ መቀየሪያ የላቸውም። ጎናቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ ተጽፏል፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተካክላሉ። የዚህ ስፋት ጥቅሙ ለመንገደኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ 220 መሆን የነበረበት መብራት 170 ቢወርድ እንኳ እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ ሥራውን ይቀጥላል። ከ200 እስከ 240 ብቻ የተጻፈበት ግን በዚያው ሰዓት ሊጠፋባችሁ ይችላል።

ቀጥሎ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 600 ዋት ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትመኑ። በሳጥኑ ጎን የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ፈልጉና 12 ቮልት የሚለውን ቦታ አግኙ። ከሥሩ የአምፔር ቁጥር አለ፤ ያንን ቁጥር በ12 አባዙት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ስለሆነ እውነተኛው አቅም ይኸው ነው። 40 አምፔር ቢል 480 ዋት ማለት ነው። 20 አምፔር ቢል ግን 240 ዋት ብቻ ነው፤ ካርቶኑ 600 ቢልም ለጌም አይሆንም። ይህን ስሌት ሱቁ ውስጥ፣ በስልካችሁ፣ ሻጩ ፊት ሥሩት። ሐቀኛ ሻጭ አይከፋውም።

ስንት ዋት ይበቃል? ለመጀመሪያ ኮምፒውተር የሚሆን አንድ ካርድ ልጥቀስ፦ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ቢበዛ 170 ዋት ይወስዳል። መካከለኛ ፕሮሰሰር 80 ዋት ገደማ ይወስዳል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ማራገቢያዎቹና ዲስኩ ሲጨመሩ ድምሩ 300 ዋት አካባቢ ይሆናል። በጨዋታ መካከል ካርዱ ለቅጽበት ከዚህ በላይ ይስባልና በቂ ትርፍ ኖሮት ከታወቀ አምራች የተገዛ፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለው 550 ዋት ይበቃችኋል። ኮርሴር፣ ሲሶኒክና ኩለር ማስተር በዚህ ሥራ የቆዩ ስሞች ናቸው። ከዚህ ዕቃ ላይ ቀንሳችሁ ሌላው ላይ አትጨምሩ። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሞት ይችላል።

ከኮምፒውተሩ መያዣ፣ ከኬዙ፣ ብረት ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ጣታችሁን ነዘር የሚያደርግ ነገር ተሰምቷችሁ ያውቃል? ብዙ ቤት ይህ አለ፤ ሰዎችም ለምደውታል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ይለቃል፤ ይህ ኤሌክትሪክ ኧርዝ በሚባለው ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ኧርዙ ከሌለ ወይም ከተቋረጠ በእናንተ እጅ በኩል ይወርዳል። ንዝረቷ ትንሽ ብትሆንም፣ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ መውጫ መንገድ እንደሌለው እየነገረቻችሁ ነው። ኮምፒውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ኧርዙን አስፈትሹ፤ ሦስተኛውን መስመር የሚቆርጡ ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያዎችንም አስወግዱ።

ከዚህ በኋላ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ያለው መሣሪያ። የዩፒኤስ ሥራ መብራት ሲሄድ ጨዋታ ማስቀጠል አይደለም፤ ያላችሁበትን አስቀምጣችሁ በሥርዓት እንድታጠፉ ጥቂት ደቂቃ መስጠትና የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ማስተካከል ነው። በላዩ የሚጻፈው ቁጥር ቪኤ ነው፤ ዋቱ በርካሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ የዚያ 60 ከመቶ አካባቢ ነው። 650 ቪኤ የሚለው 390 ዋት ገደማ ማለት ነውና ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ አብረው ያጨናንቁታል። 1000 ቪኤ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ሞገድ ሻካራ ስለሆነ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች በዚያች ቅጽበት ይጠፋሉ። ስለዚህ ሻጩን “ከሶኬቱ ነቅለህ አሳየኝ” በሉት፤ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ከቆየ ውሰዱት። ዩፒኤስ ለጊዜው ካልተቻለ ደግሞ መብራት ሲሄድ መሰኪያውን ንቀሉ፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የሚጎዳው መሄዱ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ “ምን እጫወታለሁ? በምን ዓይነት ስክሪን?” የሚል ነው። ዶታ 2፣ ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 የሚጫወት ሰው ከካርዱ ይልቅ በፕሮሰሰሩና በስክሪኑ ፍጥነት ይጠቀማል። የእግር ኳስ ጌሞች መካከለኛ ካርድ ይበቃቸዋል። በፒሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጂቲኤ 5ም ዛሬ ብዙ አይጠይቅም። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ያሉት ግን ካርዱን በሙሉ አቅሙ ያሠሩታል። ስክሪኑን በተመለከተ 1080ፒ የሚባለው 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 4ኬ የሚባለው 8 ሚሊዮን። ካርዱ አራት እጥፍ ይሠራል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ኮምፒውተር የእኔ ምርጫ 24 ኢንች፣ 1080ፒ፣ አይፒኤስ የሆነና 144 ኸርዝ የሚሠራ ሞኒተር ነው። ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ካርዱ 150 ቢሠራም አብዛኛው አይታያችሁም። ሞኒተሩን ከሰካችሁ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ 144 መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገረው 60 ላይ ይቀራል።

በኢንተርኔት ለምትጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። ውድ ካርድ የኢንተርኔት መዘግየትን አይቀንስም። የካውንተር ስትራይክ ሰርቨሮች ለእኛ የሚቀርቡት ዱባይ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ርቀቱን ካርድ አያሳጥረውም። ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ ማገናኘት ግን ይረዳል።

ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ ገበያው ውስጥ በተደጋጋሚ የምትሰሙት አባባል “4 ጊጋ ግራፊክስ አለው” የሚል ነው። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ገንዘቡን እንዲያጣ አድርጓል። ጂቲ 730 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2014 ካርድ በ4 ጊጋ ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2019 ካርድም 4 ጊጋ ነው። የመጀመሪያው ቢበዛ 384 ኮር አለው፤ ሁለተኛው 896፤ የኮሮቹ ትውልድም የተለየ ነው። በመጀመሪያው አዲስ ጌም መጫወት አይታሰብም። ጊጋባይቱ የጎተራው ስፋት ነው፤ ጎተራው ስለሰፋ ወፍጮው አይፈጥንም። ስለዚህ “ስንት ጊጋ ነው?” ከማለት በፊት “ስሙ ማነው?” በሉ፤ ስሙንም ከካርዱ ላይ አንብቡ።

ለ1080ፒ ሁለት ካርዶች እመክራለሁ። አንደኛው ኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ነው፤ 8 ጊጋ አለው፣ 132 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ ለጌም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለተኛው ቅድም ያነሣሁት አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ብሌንደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሦስት ገጽታ ሥዕል ለሚሠራ ሰው ይህኛው ይመረጣል። ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ይኸው መሣሪያ ሙያ መማሪያም ነው። አርቲኤክስ 3060 ስትገዙ ግን 12 ጊጋ መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚያው ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ አለ፤ እሱ ጊጋው ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ያገለገለ ካርድ ይሆናል። አያሳፍርም፤ አስተዋይ ሰው ከአዲስ ደካማ ካርድ ያገለገለ ጠንካራ ካርድ ቢመርጥ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ካርዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርዶች ይመረት ነበር፤ ካርዶቹ ሌት ተቀን ሳያርፉ ይሠሩ ነበር። አሠራሩ በዚያው ወር ሲቀየር እነዚያ ካርዶች ባንዴ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። እንዲህ የሠራ ካርድ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ማራገቢያውና ሙቀት አስተላላፊው ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፍላሽ ሁለት ፕሮግራሞች ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ ዚ የሚባለው የካርዱን እውነተኛ ማንነት ይነግራችኋል፤ ስሙን ቀይረው የሚሸጡትን አሮጌ የኤንቪዲያ ካርዶችም ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ያሳያል። ፈርማርክ የሚባለው ደግሞ ካርዱን በሙሉ አቅሙ ያሠራዋል። አንድ 15 ደቂቃ ተውት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብና ሰንበር ከወጣ፣ ማራገቢያው ከተንገጫገጨ፣ ሙቀቱ 90 ዲግሪ አልፎ ከወጣ ተዉት። “አሁን መብራት የለም፤ ቤትህ ሞክረው” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መብራት ባለበት ቀን ተመለሱ።

ወደ ፕሮሰሰር እንምጣ። “ኮር አይ ሰቨን ነው” የሚለው አባባልም እንደ 4 ጊጋው ነው። አይ ሰቨን 2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ባለ 4 ኮር ነው። አይ ስሪ 12100 እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ያው ባለ 4 ኮር ነው፤ በጌም ግን አይ ስሪው አይ ሰቨኑን ጥሎት ይሄዳል። አሮጌው ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ቫሎራንትን የመሰሉ ጌሞችም ዊንዶውስ 11 ላይ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከስሙ በኋላ ያለውን ቁጥር ጠይቁ።

ዛሬ ገንዘብ ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ሁለት አማራጮች አሉ፦ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600፣ ወይም ኢንቴል አይ ፋይቭ 12400ኤፍ። ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው፤ ለእነዚህ ካርዶች ይበቃሉ። ኤፍ የምትለው ፊደል ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ራይዘን 5 5600ም ኤፍ ባይኖረውም ግራፊክስ የለውም። በእነዚህ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካችሁት ምንም አይታይም፤ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ከነካርቶኑ ከተገዛ ማቀዝቀዣው አብሮት ይመጣል፤ ያለ ካርቶን የሚሸጠው ግን ላይኖረው ይችላልና ማቀዝቀዣ መግዛት እንዳለባችሁ አስሉ።

ማዘርቦርድ ላይ ገንዘብ አታብዙ። ለራይዘኑ ቢ550 ወይም ኤ520፣ ለኢንቴሉ ቢ660 ወይም ኤች610 በቂ ናቸው። ቢ450 ርካሽ ካገኛችሁ ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ለራይዘን 5000 ትውልድ መታደሱን ጠይቁ፤ ካልታደሰ ኮምፒውተሩ ምንም ምስል ሳያወጣ ቆሞ ይቀራል፤ እናንተም ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል። የኢንቴል ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር 4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር 5 ራም ይቀበላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በኃይል አትግፉት። አዲሱ የኤኤምዲ መድረክ ኤኤም 5 ለወደፊቱ ይመረጣል፤ ኩባንያው ቢያንስ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 እደግፈዋለሁ ብሏል። የሚቀበለው ግን ዲዲአር 5 ብቻ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪ ስለተሻሙ ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ኮምፒውተር አሁን ዲዲአር 4 አዋጭ ነው ባይ ነኝ።

ራም 16 ጊጋ ይሁን፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ባለ አራት ቦታ ማዘርቦርድ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ አስገቧቸው። 3200 የተጻፈበት ራም ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን ካላበራችሁለት ከዚያ በታች ነው የሚሠራው።

ለማከማቻ ባለ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ግዙ። ምክንያቱ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ ኢንተርኔት ይህ ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቦታ ጠቦ አጥፍቶ እንደገና ማውረድ ጊዜም ገንዘብም ያስወጣል። ስቲም ላይ ከሆናችሁ ጌሙ ያለው ጓደኛችሁ ኮምፒውተር በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲሆን ፋይሉን ከእሱ መቅዳት ይቻላል፤ ተጠቀሙበት።

ኬዝ ስትመርጡ መስታወቱንና ቀለማቱን ሳይሆን ፊቱን እዩ፤ አየር የሚያስገባ ወንፊት፣ ከኋላውም አቧራ ማጣሪያ ይኑረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ለምትኖሩ ግን የክፍሉ ሙቀት ራሱ ፈተና ነውና ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ማራገቢያ አታሳንሱ።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ዘመድ ያላችሁ፣ በሻንጣ የምታስመጡትን ለዩ። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ቀላልና ትንንሽ ናቸው፤ እነሱን አስመጡ። ኬዝና ሞኒተር እዚሁ ግዙ። ማዘርቦርድና ካርድ የሚያመጣላችሁ ሰው እዚያው እያለ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እንዲያስሞክረው ለምኑት፤ ውቅያኖስ ከተሻገረ በኋላ ዋስትናው ብዙ ጊዜ አይሠራም። የጉምሩክ ሕጉንም ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ።

ዕቃው ተሟልቶ ሲቀመጥ ለመገጣጠም አትቸኩሉ። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ ራሙን፣ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ኬዝ ውስጥ ሳታስገቡ፣ በማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ አገናኝታችሁ አንድ ጊዜ አብሩት። ምስል ካወጣ ሁሉም ደኅና ነው፤ ካላወጣ ችግሩን ለመፈለግ ይቀላችኋል። እጃችሁ ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ዕቃ ያበላሻልና ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ አትሥሩ። ደረሰኞቹንና ካርቶኖቹንም አትጣሉ።

በዚህ ሳምንት ገበያ የምትወጡ አድማጮቻችን፣ የምትገዙት ካርድም ይሁን ፓወር ሰፕላይ፣ በርቶ ሲሠራ ሳታዩ ገንዘቡን አትክፈሉ።